ጥቁሩን የሙጥኝ

አንዳንድ ሰው ካላመኑት «ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ብሎ ይምላል። እኔ ይህን መሐላ አልደፍረውም፤ ገና ሳልምል ፈጣሪ ሥራውን አጋምሶታልና። የቅንድቤ አጥንት ወጣ ብሏል፤ ዓይኔ ከሥሩ ገባ ብሎ ተቀምጧል። የቀረችውን መንገድ ደግሞ በመሐላ ላሳጥራት አልፈልግም።

ፊት ለፊት የሚያናግሩኝ ሰዎች «ጎድጓዳ ዓይን» ይሉታል። ዘወር ስል ምን እንደሚሉት ሰምቻለሁ፤ እዚህ አልጽፈውም።

ስሞታዬ ግን በዓይኔ ላይ አይደለም። ጎድጓዳ ዓይን በወጉ ከተኳለ ያምራል፤ ግሬታ ጋርቦ ሆሊዉድን ያንበረከከችው በእንዲህ ዓይነት ዓይን ነው። ስሞታዬ በራሴ ላይ ነው። ይህ ዓይን እንዴት እንደሚኳል ጠንቅቄ አውቃለሁ። ቀለሙ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ፣ የትኛው እንደሚያብለጨልጭ፣ የትኛው እንደማያብለጨልጭ ቢጠይቁኝ ሳልደናቀፍ አወርደዋለሁ። አስተምሬ ያስመረቅኳቸው ሴቶች አሉ። የእኔን ፊት ያየ ሰው ግን ከሰል ሳራግብ ያደርኩ ይመስለዋል። እያወቁ ማጥፋት ሳያውቁ ከማጥፋት ይከብዳልና፣ ይኸው ልናዘዝ።

በቅናት ልጀምር። እናቴ ዓይናማ ናት። እኔ ስወለድ ዘመድ ተሰብስቦ «አፍንጫዋ የእናቷ፣ ዓይኗ የአባቷ» ብሎ ፈረደ፤ ይግባኝ የሚባልበት ቦታ አልነበረም። ፍርዱን ያከበደብኝ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። የሀገራችን ሠዓሊያን ቅዱሳንን ሲሥሉ ዓይናቸውን ትልቅ አድርገው፣ ዙሪያውን በጥቁር መስመር ከብበው ነው። በቆየው ልማድ ደግ ሰው ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ክፉው ጎኑን ሰጥቶ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣራ የሞሉት መላእክት ሁሉ ያንን ትልልቅ ዓይናቸውን ከላይ ያፈጡብናል። አንገቴ እስኪደነዝዝ ቀና ብዬ ጎድጓዳ ዓይን ያለው መልአክ ፈለግሁ። የለም። በልጅነት ልቤ የገባኝ ነገር ጽድቅ በዓይን መጠን እንደሚሰፈር ነበር። ሁለቱም ዓይኖቼ ፊት ለፊት ቢሆኑም፣ በሠዓሊው ሚዛን እኔ አንድ ዓይን ተኩል ገደማ ላይ ነኝ።

አድጌ ነገሩን ሳጠናው ግን የአጥንት ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት። የዓይን ኳስ በጉድጓዱ ውስጥ ወደ ኋላ ይቀመጣል፤ የቅንድብ አጥንት ወደ ፊት ይወጣና ጥላውን ይጥልበታል። ዓይን ሲገለጥ የላይኛው ቆብ አብዛኛው ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ የሚታየው ቀጭን ጠርዙ ብቻ ነው። በሽታ አይደለም፣ የእንቅልፍ እጦትም አይደለም። ሜካፑ ማድረግ ያለበትም ሌላ ምንም ሳይሆን ያንን ጥላ ማንሣት ነው።

ጥበቡ የቆመው በአንድ ሕግ ላይ ነው፤ ሠዓሊም ፎቶ አንሺም ያውቀዋል። ብሩህ ቀለም ወደ ተመልካቹ ይቀርባል፣ ጥቁር ወደ ኋላ ይሸሻል። ዓይኗ ፈጠጥ ያለ ሴት ቆቧን በሙሉ ጠቆር ባለ አይሻዶ ብትሸፍነው ዓይኗ ረጋ ይላል። ዓይኗ ገባ ያለ ሴት ግን ቆቧ ላይ የምትቀባው ብሩሁን ነው፤ ለእኛ ቆዳ ወርቅማውን፣ የመዳብ መልክ ያለውን ወይም ፈካ ያለውን ቡናማ። በትንሹ ቢያብለጨልጭ ይመረጣል፤ ብርሃኑን መልሶ ይልከዋልና። ጠቆር ያለው ቡናማ ቦታው እጥፋቱ ውስጥ አይደለም፤ እዚያማ ተፈጥሮ አስቀድማ ጥቁሯን ቀብታለች። ከእጥፋቱ ከፍ ብሎ፣ ጣት ሲነካው አጥንቱ የሚጀምርበት ላይ ነው፤ ያውም ሳያብለጨልጭ፣ ጠርዙ እስኪጠፋ ድረስ በብራሽ ተዳርሶ። ወደ አፍንጫ ያለውን የዓይን ማዕዘን ጥቁር ከቶ አይነካውም። አይላይነሩ ከሽፋሽፍቱ ሥር ቀጥኖ ይሄድና ወፈር የሚለው ወደ ውጭ ሲጠጋ ነው። ሽፋሽፍቱ በከርለር ወደ ላይ ይታጠፋል። ከዓይን በታች የጠቆረ ካለ ወደ ብርቱካንማ የሚያደላ ኮንሲለር ቀድሞ ይቀባበታል፤ በቀጥታ ነጣ ያለውን ቢለጥፉበት አመድ ይመስላል። ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ማለዳ መስታወቱ ፊት ስቆም እጄ የሚሄደው ወደ ጥቁሩ ነው።

ሰበብ አላጣሁም፤ በእናቴ አሳብባለሁ። እናቴ ኩሏን የምታስቀምጠው በትንሽ ብልቃጥ ነበር። መኳያዋን ነክራ፣ ዓይኗን ከደን አድርጋ፣ በሁለቱ ቆቦች መካከል ሳብ ታደርገዋለች፤ መስታወት እንኳን አታይም። ስትገልጠው ቤቱ ይበራል። ለእሷ በውስጠኛው ጠርዝ ላይ የተሰመረው ጥቁር የዓይኗን ነጭ ያጎላላታል። የእኔ ዓይን እንዲያ ሲታጠር ግን በጥላ ላይ ጥላ ይደረብበትና ጭራሹን ይሰወራል። እንደ እኔ ላለ ሰው በታችኛው ውስጠኛ ጠርዝ ላይ የሚሰመረው ክሬም መልክ ወይም የቆዳ መልክ ያለው እርሳስ ነው። ገዝቼዋለሁ። ጫፉ ሳይነካ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል፤ ለእንግዳ እንደሚቀመጥ ስኒ አንዳንዴ አውጥቼ አየውና እመልሰዋለሁ።

ኩሉ ራሱም ያለ ነውር አይደለም። የጥንት ግብፃውያን ለዓይናቸው ይፈጩት የነበረው ጋሌና የተባለው ድንጋይ እርሳስ የሚባለው ከባድ ብረት ከድኝ ጋር የተዋሐደበት ነው። ዛሬም በየአገሩ ገበያ በሚሸጥ ባህላዊ ኩል ውስጥ ይህ ብረት ሲገኝ ይኖራል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ኩልን ለመዋቢያ ቀለምነት አይፈቅድም፤ እርሳስ ወደ ሰውነት ሲገባ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳልና። ይህንንም አውቃለሁ። ጎረቤቴ ጨቅላ ልጇን ስትኳል ደርሼባት ረጅም ትምህርት ሰጥቻታለሁ። ልጅቱን ታቅፋ ዝም ብላ ሰማችኝና ስጨርስ ትክ ብላ ዓይኔን አየችው። እኔው ራሴ ተኩዬ ነበር። ያውም ከእናቴ ብልቃጥ።

ጥላ ካልኩ አይቀር ሌላው ሰበቤ መብራት ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣውን «ዘ ጎድፋዘር» ፊልም ያየ ሰው የማርሎን ብራንዶን ዓይን ያስታውሳል፤ ወይም አያስታውስም፣ አይታይማ። ቀረጻውን የመራው ጎርደን ዊሊስ መብራቱን ከብራንዶ አናት በላይ ሰቀለው። የቅንድቡ ጥላ ዓይኑን ዋጠው፤ ብራንዶ የሚጫወተው ሽማግሌ ዶን ኮርሊዮኔ ምን እያሰበ እንደሆነ ማንም እንዳያውቅ ሆነ። የእኔም ቢሮ መብራት ያለው ጣራው ላይ ነው። ያለ ምንም ሜካፕ ከሥሩ ስቀመጥ ዶን ኮርሊዮኔ ነኝ። ጥቁር ስጨምርበት ደግሞ ባለጉዳዮች ማመልከቻቸውን በሁለት እጃቸው አክብረው ያቀርቡልኛል፤ አንዳንዶቹ ሳልጠይቃቸው ይቅርታ ይላሉ። ውጭ ብወጣም አልድንም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ ልክ አናት ላይ ትቆማለች። የነሐሴውን ደመና ይሸፍንልኛል። በሚያዝያ ቀትር መንገድ ላይ ያገኘኝ ሰው ግን «እንዴት ዋልሽ» ከማለቱ በፊት «አመመሽ እንዴ?» ይላል።

ከዚህ የረቀቀ ጥፋት ደግሞ አለብኝ። ጎድጓዳ ዓይን የሚኳለው ተገልጦ ነው፤ አገጭ ቀጥ ብሎ፣ መስታወቱን ፊት ለፊት እያዩ፤ ሰው የሚያየን እንደዚያ ሆነን ነውና። እኔ ግን አገጬን ወደ ሰማይ አንሥቼ፣ ዓይኔን ከደን አድርጌ ነው የምሠራው። እንዲያ ሲሆን ቆቤ ይዘረጋል፤ እንደ ልቤ የምሆንበት ቦታ አገኛለሁ። መዳቡን ከወርቁ፣ ወርቁን ከቡናማው አዋሕጄ፣ ጠርዙን አለስልሼ፣ ተመራቂ ነኝ ያለች ሜካፕ ሠሪ የማታፍርበት ሥራ እሠራለሁ። ከዚያ ዓይኔን እገልጣለሁ፤ ሥራው በሙሉ እጥፋቱ ውስጥ ይገባል። ለካ የኳልኩት ተኝቼ ካልሆነ በቀር ማንም የማያየውን ዓይን ነው።

ልፋቴ ባክኖ እንዳይቀር ታዲያ ዓይኔን በዝግታ መክደን ለመድኩ። ስብሰባ ላይ ሰው ሲናገር ቆቤን ቀስ አድርጌ አወርድና ጥቂት አቆየዋለሁ፤ ወርቁ ይታይ ብዬ። አለቃዬ አንድ ቀን ንግግሩን አቋርጦ «ከደከመሽ ሄደሽ ማረፍ ትችያለሽ» አለኝ። አጠገቤ የነበረችው ባልደረባዬ ደግሞ የምጸልይ መስሏት አብራኝ ከደነች።

ስስትም አለብኝ። ማስካራ ከተከፈተ ሦስት ወር ገደማ ሲሆነው ይጣል ይባላል፤ ብሩሹ በገባና በወጣ ቁጥር ተሕዋስያን ይዞ ይመለሳል፣ ጦሱ ለዓይን ነው። እኔ ማስካራ የምጥለው ክዳኑ አልከፈት ሲል ነው። ሲደርቅብኝ ውኃ ጠብ አደርግበታለሁ፤ ውኃ በሌለበት ምራቅ። ለዚህ ጥፋቴ እንኳን የታሪክ ድጋፍ አለኝ። ሄሌና ሩቢንስታይን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ብሩሹን ከቱቦው ጋር አዋድዳ ገበያ ላይ እስክታወጣው ድረስ ብዙው ማስካራ የሚሸጠው በደረቅ ጥፍጥፍ ነበር። የዚያ ዘመን ሴቶች ትንሿን ብሩሽ በውኃ፣ ውኃ ከራቀም በምራቃቸው አርሰው ጥፍጥፉን ይፈትጉት ነበር። እኔ እንግዲህ ቅርስ ጠባቂ ነኝ።

ለጎድጓዳ ዓይን ማስካራ ሌላ ጣጣ አለው። አጥንቱ ቅርብ ስለሆነ እርጥብ ሽፋሽፍት ቀና ሲል ከቅንድቡ ሥር ይነካና ማኅተም ይመታል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ቆቡን ቀድሞ በፕራይመርና በጥቂት ፓውደር ማድረቅ፤ ማስካራውን ስስ አድርጎ ቀብቶ እስኪደርቅ ቁልቁል እያዩ መቆየት። ይህም አልበቃ ካለ ቲዩቢንግ የሚሉት ማስካራ አለ፤ እያንዳንዷን ሽፋሽፍት በስስ ሽፋን ይጠቀልላታል፣ አይፈስም፣ በሞቀ ውኃ ተላቆ ይወርዳል። ቁልቁል እያዩ መቆየት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ ቆቤ ሳይደርቅ ታክሲ ወረፋ ላይ እገኛለሁ።

በዚያ ምራቅ በነካው ማስካራ አንድ ቀን ለቅሶ ደረስኩ። ሟቹ የባልደረባዬ አጎት ናቸው፤ በሕይወታቸው አይቻቸው አላውቅም። ከሥራ በቀጥታ ስለሄድኩ ለመታጠብ ጊዜ አላገኘሁም፤ እውነቱን ለመናገር አልፈለግሁምም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ያዝኩ። ሙቀት ነበር። ማስካራው ከላይ ማኅተሙን መታ፣ ከታች ወደ ጉንጬ መውረድ ጀመረ። አንዲት ትልቅ ሴት አዩኝና «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ምን ይደረጋል፣ የእግዜር ሥራ ነው» ብለው ውኃ አስመጡልኝ። ሌሎችም ተጠጉ። የሟች እህት ከፍራሹ ተነሥተው መጥተው አቀፉኝ።

«ይህን ያህል ትወጂው ኖሯል?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ያን ጊዜ እውነተኛው እንባ መጣ፤ ማስካራው ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ይለበልበኝ ነበር። ከፊት ቦታ ተለቀቀልኝ። የሟች ባለቤት ብቻ አላቀፉኝም፤ ባሉበት ሆነው ከእግር እስከ ራሴ ይመዝኑኝ ነበር። ባልደረባዬ በማግስቱ ቢሮ መጥታ በሩን ዘጋችና ድምፅዋን ቀንሳ «አጎቴን ከየት ነው የምታውቂያቸው? ቤተሰቡ ማን ናት ሲል ነው ያደረው» አለችኝ። ማስካራ ነው ብዬ ብነግራት አላመነችም። እስከ ተዝካሩ ድረስ በዚያ ቤት ስሜ ሲነሣ ጸጥ ይባል እንደነበር ሰምቻለሁ።

ከዚህ ሁሉ መማር ነበረብኝ። አልተማርኩም። የአክስቴ ልጅ ስትዳር ሜካፕ የምትሠራ ልጅ ቤት ድረስ መጣች። ሙያዋን የምታውቅ ልጅ ናት። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙራ አየችና «ማዘር፣ ዓይንዎት ገባ ያለ ስለሆነ ቆቡን ፈካ፣ ከላይ ቡናማ እናደርገዋለን» አለች። «ማዘር» መባሉን ዋጥ አደረግሁት። ልክ እኔ እንደማስተምረው ሠራችኝ። መስታወቱን ስትሰጠኝ ዓይኖቼ ከተደበቁበት ወጥተው ሲያዩኝ አገኘኋቸው።

«ጨምሪበት» አልኩ።

«ማዘር፣ በቂ ነው።»

«ሠርግ እኮ ነው፤ ጨምሪበት!»

ጨመረች። ጥቁሩን እስክታነሣ ድረስ ጨምሪበት አልኩ። በሠርጉ አልበም ውስጥ እኔ ያለሁበት ፎቶ ብዙ ነው፤ ዓይኔ ያለበት ግን አንድም የለም። የሙሽራው እናት አልበሙን ሲያገላብጡ ጣታቸውን ጣል አድርገውብኝ «ይቺ ጥቁር መነጽር ያደረገችው የማን ወገን ናት?» ብለዋል።

ለሌላው ግን፣ እንዳልኳችሁ፣ መምህር ነኝ። የእህቴ ልጅ የእኔን ዓይን ወስዳለች። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ አስቀምጬ ከሥሩ ጀምሬ አስተማርኳት፤ ብሩሁን የት፣ ቡናማውን የት፣ ጥቁሩን የት እንደማታደርስ። ስቀባት እጄ አይሳሳትም፤ የሰው ፊት ላይ ሲሆን ፍጹም ጻድቅ ነኝ። አሁን ጓደኞቿን የምትኳለው እሷ ናት። እኔ ቤት ባደረችበት በአንድ ሰኞ ማለዳ በር ላይ ያዘችኝ።

«አክስቴ፣ ዛሬ እኔ ልኳልሽ» አለች።

«ረፍዶብኛል።»

«ያስተማርሽኝን ነው የማደርግልሽ። ቀና አትበይ፣ ፊት ለፊት እዪኝ።»

ፊት ለፊት አየኋት። መሳቢያውን ከፍታ ያንን ያልተነካ እርሳስ አወጣችው። ጥቁሩን ደግሞ፣ ብልቃጡንም ጭምር፣ ገፋ አድርጋ ከእጄ አራቀችው። ፈጣን ናት፤ ቡና ሳይፈላ ጨረሰች። መስታወቱን አየሁ። ሁለት ሙሉ ዓይን አለኝ።

ቢሮ ስገባ የምስጋና ናዳ ይጠብቀኛል ብዬ ነበር። ጥበቃው «እትዬ፣ ዛሬ ደህና ተኝተው ነው ያደሩት» አለኝ። ጸሐፊዋ «ዕረፍት ላይ ነበርሽ እንዴ?» አለች። አለቃዬ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጤናሽ ተመልሷል» አለ። ስለ ዓይኔ ያነሣ የለም። ወርቁ ከመዳቡ እንዴት እንደተዋሐደ፣ የቡናማው ጠርዝ እንዴት እንደጠፋ አንድ ሰው ልብ ያለው የለም። ምስጋናው ለእንቅልፍና ለእግዚአብሔር ተከፋፈለ፤ ለእኔ የተረፈ አልነበረም። ምሳ ሰዓት ላይ አኩርፌ ብቻዬን በላሁ።

የተናዘዝኩት ሁሉ መሸፈኛ ነበር፤ ዋናው ጥፋት እዚህ ላይ ነው። የዚህ ዓይነት ዓይን አኳኳል የሚሳካው የማይታይ ሲሆን ነው። ሥራው ጥላ ማንሣት ነው፤ ከተነሣ በኋላ ደግሞ ሰው የሚያየው ዓይኑን እንጂ የተነሣውን ጥላ አይደለም። ጥቁሩ ግን ቢያስቅም ቢያስደነግጥም ይታያል። እኔ ለካ የምፈልገው ማማር አልነበረም፤ መልፋቴ እንዲታወቅልኝ ነው። ሰው ዓይኔን አይቶ «ምን ያምራል» ከሚል፣ ሜካፑን አይቶ «ምን ነካት» ቢል ይሻለኛል። እናቴን አሳበብኩባት፣ የቢሮውን መብራት አሳበብኩበት፣ የሚያዝያን ፀሐይ እንኳን አልማርኳትም። ሁሉም ንጹሐን ናቸው።

በማግስቱ ማክሰኞ ብልቃጡን ፈልጌ አገኘሁት። አገጬን ወደ ሰማይ አንሥቼ፣ ዓይኔን ከድኜ፣ በውስጡም በውጩም አሰመርኩ፤ ማስካራውንም በለመደው ፈሳሽ አራስኩት። ጥበቃው ገና ከሩቅ አይቶኝ ወንበሩን ትቶ ተነሣ።

«እትዬ፣ ምነው? ምን ሆኑ?»

«ተኩዬ ነው» አልኩት።

ጠጋ ብሎ፣ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ መጀመሪያ ቀኙን ከዚያ ግራውን በደንብ መረመረው። እኔም እንዲመቸው ቆቤን ቀስ አድርጌ ከደንኩለት።